በየአራት ሰዓቱ

ሐኪሞች በመድኃኒት ካርድ ላይ የሚጽፏት አንዲት አጭር ቃል አለች። የእኛም ነርሶች «ፒ አር ኤን» ይሏታል። መነሻዋ ላቲን ነው፤ «እንዳስፈላጊነቱ» እንደ ማለት ናት። ለሳል ሽሮፕ ወይም ለእንቅልፍ ክኒን ስትጻፍ ብዙም ጉዳት የላትም። በሃያኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ግን እንግሊዝ ውስጥ በካንሰር ሊሞት የተቃረበ ሰው ካርድ ላይ ከሞርፊን ጎን ስትሰፍር ሌላ ነገር ታስከትል ነበር። ታማሚው መድኃኒቱን ለማግኘት አስቀድሞ መታመም፣ ካመመው በኋላ ማቃሰት፣ ካቃሰተ በኋላ ተረኛዋን ነርስ መጥራት አለበት። ነርሷ ቁልፍ የያዘችውን ትፈልጋለች፤ ከተቆለፈው ቁም ሣጥን መድኃኒቱ ይወጣል፣ ይመዘገባል፣ ይወጋል። ከተወጋም በኋላ እስኪሠራ ይጠበቃል። ሕመሙ በረድ ብሎ ሰውየው ሸለብ ሲያደርገው የመድኃኒቱ ኃይል ያልቃል፤ ማቃሰቱም እንደገና ይጀምራል።

እዚህ የምተርከው ያቺ ቃል ከእነዚያ ካርዶች ላይ እንዴት እንደ ተሰረዘች ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የመድኃኒት እጦት አልነበረም። በጀርመን ፓደርቦርን ከተማ በመድኃኒት ቤት ረዳትነት ይሠራ የነበረው ወጣቱ ፍሪድሪሽ ዜርትዩርነር ከኦፒየም ውስጥ የሚያስተኛውን ቅመም ለይቶ ያወጣው በ1805 ገደማ ነው። ያን ጊዜ ብዙ ሰው አላስተዋለውም። በ1817 በራሱና በሦስት ወጣቶች ላይ ሞክሮ ያገኘውን አሳተመ፤ ስሙንም በግሪኮች የሕልም አምላክ በሞርፊየስ ሰየመው። በ1827 የዳርምሽታቱ የመርክ መድኃኒት ቤት ለገበያ ማምረት ጀመረ። የዚህ ግኝት ዋና ጥቅም ልክ ማወቅ መቻሉ ነበር። የኦፒየም ኃይል እንደ ማሳውና እንደ አመራረቱ ይለያያል፤ ከአንዱ ጠርሙስ የተቀዳ ጠብታ አያስተኛም፣ ከሌላው የተቀዳው ይገድላል። ሞርፊን ግን በሚዛን ይለካል። በ1853 የኤዲንብራው ሐኪም አሌክሳንደር ውድ በመርፌ ከቆዳ ሥር መስጠት ሲጀምር መሣሪያውም ተሟላ። ስለዚህ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የካንሰርን ሕመም ለማስታገስ የሚያስፈልገው ነገር በሐኪም ቦርሳ ውስጥ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ወደ አንድ መቶ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ያለ ብዙ ለውጥ አለፈ።

በዚህ መካከል አንድ የሚጠቀስ ሰው አለ። ኸርበርት ስኖው በለንደን ብሮምፕተን ሠፈር በነበረው የካንሰር ሆስፒታል ቀዶ ጠጋኝ ነበር። በ1890ዎቹ አጋማሽ በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ኦፒየምንና ኮኬይንን አንድ ላይ ለካንሰር ሕሙማን መስጠት ይበጃል ብሎ ጻፈ። ሁለቱ ተደባልቀው ሕመም ከማስታገስ አልፈው የበሽታውን ግስጋሴ ያዘገያሉ ብሎ ያምን ነበር፤ በዚህ ተሳስቷል። ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ፣ በ1920ዎቹ፣ በዚያው ሠፈር ባለው ሌላ ሆስፒታል፣ በብሮምፕተን የደረት ሆስፒታል፣ ለሳንባ ቀዶ ሕክምና ሕሙማን የሚሰጥ ድብልቅ ተለመደ፤ ሞርፊን፣ ኮኬይን፣ ጂን መጠጥና ማር ያለበት ነበር። «የብሮምፕተን ድብልቅ» በሚል ስም የታወቀው ይህ ነው። ብዙ ተራኪዎች ሁለቱን ሆስፒታሎች አንድ ያደርጓቸዋል። ስሙ የመጣው ግን ከደረት ሆስፒታሉ ነው፤ ስኖው የነበረበት ዛሬ ሮያል ማርስደን የሚባለው ነው። ማሩና ጂኑም ሕመም አያስታግሱም፤ የሞርፊንን ምሬት ይሸፍናሉ እንጂ።

ድብልቁ ዝናው ከሥራው በለጠ። ሕመሙን የሚያስታግሰው በውስጡ ያለው ሞርፊን ብቻ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ሌላ ግማሽ መቶ ዘመን ወሰደ። ለታሪካችን ይበልጥ የሚጠቅመው ግን በዚያው ከተማ በባይስዎተር ሠፈር የነበረ ሌላ ቤት ነው።

ሴንት ሉክስ በ1893 የተከፈተው መድረሻ ለሌላቸው ድሆች የመሞቻ ቤት እንዲሆን ነበር። ታላላቅ ሆስፒታሎች «ከእንግዲህ የምናደርግልህ የለም» ብለው የሚያሰናብቷቸውን ይቀበላል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ሐኪም አልፎ አልፎ ይመጣል፤ ሌት ተቀን ከአልጋው አጠገብ የሚገኙት ነርሶቹ ናቸው። እነዚያ ነርሶች በ1930ዎቹ አንድ ልማድ አወጡ። ሞርፊኑን በአፍ፣ በፈሳሽ መልክ፣ በየአራት ሰዓቱ መስጠት ጀመሩ። ታማሚው አመመው አላመመው፣ ጠራ አልጠራ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ኩባያው ይቀርብለታል። የሕክምና መጽሔት ላይ አላወጡትም፤ ማውጣት የሚገባ ነገር መሆኑም አልታሰባቸው ይሆናል። ታሪክ ጸሐፊ የሚያውቃቸው አንዲት እንግዳ በመካከላቸው ስለ ተገኘች ነው።

ሲሲሊ ሳንደርስ በ1918 በለንደን ዳርቻ በባርኔት ተወለደች። ኦክስፎርድ ገብታ ነበር፤ ጦርነቱ ሲመጣ በ1940 ትምህርቷን አቋርጣ በሴንት ቶማስ ሆስፒታል ወደሚገኘው የናይቲንጌል የነርሶች ትምህርት ቤት ገባች። የወገብ ሕመም ግን ነርስ ሆና እንዳትቀጥል አገዳት። የሆስፒታል ማኅበራዊ ሠራተኛ ሆነች። ጓዳ ጎድጓዳውን፣ ቤተሰቡን፣ የኪራዩን ነገር የምትጠይቅ ማለት ነው። በዚሁ ሥራ ላይ ሳለች ከዳዊት ታስማ ጋር ተገናኘች። ከዋርሶ የመጣ አይሁዳዊ ስደተኛ ነው፤ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ሆኖ ይሠራ ነበር፤ ዕድሜው አርባ፣ በሽታው የማይድን ካንሰር። በለንደን ዘመድ አልነበረውም። በ1948 መጀመሪያ ላይ ሞተ፤ ከመሞቱ በፊት ለሁለት ወር ያህል በአልጋው አጠገብ ተቀምጣ ስለ አንድ ቤት ያወሩ ነበር፤ እንደ እርሱ ያሉ ሰዎች በሰላም የሚሞቱበት ቤት። 500 ፓውንድ ተናዘዘላት፤ በቤቷ ውስጥ መስኮት እንደሚሆናት ነገራት። የመስኮቱ ንግግር ከሁለት ሰዎች በቀር ሰሚ አልነበረውም፤ እኛ ዘንድ የደረሰው በአንዷ አንደበት ነው። ገንዘቡ ግን እውነት ነው፤ ቤቱም ከ19 ዓመት በኋላ ሲሠራ በመግቢያው መስኮት ተደረገለት።

ሳንደርስ ከዚያ ሞት በኋላ በሴንት ሉክስ በበጎ ፈቃደኝነት ማታ ማታ ማገልገል ጀመረች። የአራት ሰዓቱን ልማድ ያየችው እዚያ ነው። ነርስነት ስለ ተማረች ልዩነቱን ለመለየት ጊዜ አልፈጀባትም። በተማረችበት ሆስፒታል በካንሰር የሚሞቱ ሰዎች መርፌ ሲጠብቁ አይታለች፤ እዚህ የሚጠብቅ የለም። ሐኪሞች እንዲሰሟት ፈለገች። አብራው ትሠራ የነበረው ቀዶ ጠጋኝ ኖርማን ባሬት ግን እቅጩን ነገራት፤ ነርስ ብትሆን አይሰሟትም፤ ሕክምና ትማር፤ የሚሞቱትን ጥለው የሚሄዱት ሐኪሞቹ ናቸውና። ምክሩን የሰጣት ራሱ ሐኪም መሆኑን ልብ ይሏል። በ33 ዓመቷ ከአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሕክምና ጀመረች፤ በ1957 ተመረቀች።

በዓመቱ የምርምር ድጋፍ አግኝታ ወደ ሴንት ጆሴፍ ሄደች። ይህ በምሥራቅ ለንደን በሃክኒ ድሆች ሠፈር የአየርላንድ ካቶሊክ መነኮሳት ከ1905 ጀምሮ ያስተዳድሩት የነበረ ቤት ነው። መነኮሳቱ ፍቅርም ትዕግሥትም ሞልቷቸዋል፤ የመድኃኒት ካርዱ ግን እንደ ሌላው ቦታ ነበር። ሳንደርስ የሴንት ሉክስን ሰዓት አመጣች። ከእርሷ በፊት ማንም ያላደረገውንም ጨመረችበት፤ መዘገበች። ለእያንዳንዱ ታማሚ ካርድ አወጣች፤ ምን ያህል ሞርፊን ወይም ሄሮይን እንደ ተሰጠው፣ ስንት ቀን እንደ ቆየ፣ መጠኑ እንደ ጨመረ ወይም እንዳልጨመረ ጻፈች። የታማሚዎቹንም ድምፅ በቴፕ ቀዳች። በሰባት ዓመት ውስጥ ካርዶቹ ከአንድ ሺህ በለጡ።

ካርዶቹ የመለሱት ጥያቄ ሁለት ነው። የመጀመሪያው የልማድ ነገር ነበር። የዘመኑ ሐኪም ሞርፊንን ለመጨረሻዋ ቀን የሚያስቀምጠው፣ አስቀድሞ ከጀመረ ሰውነት ይለምደዋል፣ ከዚያ ወዲያ መጠን ቢጨመር አይሠራም ብሎ ነው። ካርዶቹ ላይ የሚታየው ይህ አይደለም። በሰዓቱ የሚወስዱ ሰዎች መጠናቸው አንድ ቦታ ላይ ረግቶ ለሳምንታት፣ ለወራት ይቆያል። ሁለተኛው ሱስ ነው። ሳንደርስ ያስተዋለችው ነገር ዛሬ ቀላል ይመስላል። መድኃኒት እስኪያምህ ድረስ ጠብቀህ፣ ለምነህ የምታገኘው ከሆነ ሐሳብህ ሁሉ ከመድኃኒቱ ላይ አይነሳም፤ ሰዓቱን ታያለህ፣ የነርሷን ኮቴ ታዳምጣለህ። ሐኪሙም ይህን አይቶ «ሱስ ያዘው» ይላል። ሕመሙ ሳይመለስ የሚሰጥህ ከሆነ ግን የምታስበው ሌላ ነገር ይኖርሃል። ሱስ የተባለው ነገር፣ ቢያንስ ከፊሉ፣ ያቺ የላቲን ቃል የወለደችው ነበር።

ከዚያው መዝገብ ሌላም ነገር ወጣ። አንዲት ታማሚ ምን እንደሚያማት ስትጠየቅ ከጀርባዋ ጀምራ፣ ወደ ባሏና ወደ ልጇ ጭንቀት አልፋ፣ ሁለመናዋ እንደ ታመመ ተናገረች። ሳንደርስ በ1964 አካልን፣ ስሜትን፣ ኑሮንና መንፈስን በአንድነት የሚይዝ «ጠቅላላ ሕመም» የሚል ስም ያወጣችለት ከእንዲህ ያለው ንግግር ተነሥታ ነው። የቀድሞዋ ማኅበራዊ ሠራተኛ እዚህ ላይ ትታያለች፤ የኪራይ ዕዳ ሞርፊን እንደማያስታግሰው የምታውቅ እርሷ ነበረች።

በአትላንቲክ ማዶ በዚያው ዘመን ሌላ ዓይነት ትጋት ነበር። በኒው ዮርክ ሜሞሪያል የካንሰር ሆስፒታል ሬይመንድ ሃውድ የተባለ ሐኪም ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የማስታገሻዎችን ኃይል ይለካ ነበር። መለኪያው ታማሚው ራሱ ነው፤ በየሰዓቱ አልጋው ዘንድ ሄዳ «አሁንስ?» እያለች መልሱን የምትመዘግበው ደግሞ ነርሷ ኤዳ ሮጀርስ ናት። ከዚህ ሥራ የወጣው ቁጥር በአፍ የተወሰደ ሞርፊን በጡንቻ ከተወጋው ስድስት እጥፍ ይደክማል የሚል ነበር፤ ከሆድ ወደ ደም ሲያልፍ ጉበት አብዛኛውን ያፈርሰዋልና። ልኬቱ ለአንድ ጊዜ መጠን ትክክል ነው። መጻሕፍቱ ግን «በአፍ አያስተማምንም» ብለው ተረጎሙት። በየአራት ሰዓቱ ሲደጋገም ልዩነቱ ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚወርድ የታየው በኋላ ነው። እኛ አገርም ሐኪም ቤት ሄዶ መርፌ ሳይወጋ የተመለሰ ሰው እንዳልታከመ የሚቆጥር ሞልቷል፤ ፈሳሽ መድኃኒት የልጅ ነው ይባላል። ስለዚህ በእነዚያ መጻሕፍት ለመፍረድ ብዙም አልቸኩልም።

ሳንደርስ የመሠረተችው ሴንት ክሪስቶፈር በደቡብ ለንደን በሲደናም በ1967 ክረምት ተከፈተ፤ 54 አልጋ ነበረው። የዘመናዊው ሆስፒስ፣ ማለትም ለሞት የቀረቡ ሰዎች የሚታከሙበት ቤት፣ እናት የሚባለው ይህ ነው። እዚያ ይሰጥ የነበረው መድኃኒት ግን ሞርፊን ሳይሆን በዋናነት ሄሮይን መሆኑ ለዛሬ አንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ሄሮይን መጀመሪያ የተሠራው ከሞርፊን በ1874 ለንደን ውስጥ ነው፤ የጀርመኑ ባየር በ1898 በዚህ ስም ለሳል ሸጠው። አሜሪካ በ1924 ከለከለችው። የእንግሊዝ መንግሥትም በ1955 ማምረቻውን ሊዘጋ አስቦ ነበር፤ ሐኪሞች አመፁ፣ ነገሩ የጌቶች ምክር ቤት ደርሶ ተሟሟቀና ዕቅዱ ቀረ። በዚህ የተነሣ ሄሮይን በሕጋዊ መድኃኒትነት የቀረው እንግሊዝን በመሳሰሉ ጥቂት አገሮች ብቻ ሆነ። ሳንደርስም ከልምዷ ተነሥታ ከሞርፊን ይሻላል ብላ ታምን ነበር፤ ማቅለሽለሹ ያንሳል፣ ሰውየውን አያፈዝዘውም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሄሮይን በእርግጥ የሚሻል ከሆነ የአራት ሰዓቱ ዘዴ ከእንግሊዝ ድንበር አይሻገርም። የትኛውም የጤና ሚኒስቴር ሄሮይን ላስገባ ብሎ አይጠይቅም።

ሳንደርስ ይህን እንዲመረምር በ1971 ሮበርት ትዋይክሮስ የተባለ ወጣት ሐኪም ቀጠረች። ጥናቱ ታማሚውም ሆነ ሐኪሙ የትኛው መድኃኒት እንደ ተሰጠ ሳያውቁ የሚካሄድ ነበር። 699 ሕሙማን ገቡበት፤ አብዛኞቹ ለሞት የቀረቡ ስለሆኑ ሁለት ሳምንት ቆይተው ከአንዱ መድኃኒት ወደ ሌላው የተሻገሩት 146 ብቻ ናቸው። ውጤቱ በ1977 ታተመ። በአፍ በየአራት ሰዓቱ ሲሰጡ፣ የኃይላቸው ልዩነት በመጠን ከተስተካከለ፣ በሁለቱ መካከል የሚታይ ልዩነት የለም። ሴንት ክሪስቶፈር በዚያው ዓመት ወደ ሞርፊን ዞረ። የቤቱ መሥራች ያመነችውን የገዛ ቤቷ ጥናት አፈረሰው፤ እርሷም ተቀበለች። በሕክምና ታሪክ ውስጥ ይህን የሚመስል ነገር ብዙ አላነበብኩም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ካናዳ ሞንትሪያል ውስጥ ሮናልድ ሜልዛክና ባልፎር ማውንት የብሮምፕተንን ድብልቅ ከተራ የሞርፊን ውሃ ጋር አነጻጽረው ልዩነት አጡ። ማሩ፣ ጂኑ፣ ኮኬይኑ ሁሉ ቀረ። በጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ሞርፊንና ውሃ ነው። ከዜርትዩርነር ዘመን ጀምሮ የነበረው ያው።

ስዊድናዊው የካንሰር ሐኪም ያን ሸርንስቨርድ በ1980 የዓለም የጤና ድርጅትን የካንሰር ክፍል ሲረከብ የተቀበለው ዓለም ይህ ነበር። አብዛኛው የካንሰር ታማሚ የሚገኘው የጨረር መሣሪያም ቀዶ ጠጋኝም በሌለባቸው አገሮች እንደሚሆን፣ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰውም ከረፈደ መሆኑን አይቶ ነበር። ለእነዚህ ሰዎች ወዲያው ሊደረግላቸው የሚችለው ሕመማቸውን ማስታገስ ነው። በ1982 ሚላን ላይ ትዋይክሮስን፣ የኒው ዮርኳን ካትሊን ፎሊን፣ የሚላኑን ቪቶሪዮ ቬንታፍሪዳን፣ የጃፓኑን ፉሚካዙ ታኬዳን ሰበሰበ። ታኬዳ ረቂቁን በሳይታማ በ156 ሕሙማን ላይ ሞክሮ 87 በመቶዎቹ ሙሉ በሙሉ እፎይ እንዳሉ ዘገበ። በ1986 አንድ ትንሽ መጽሐፍ ወጣች። ፍሬ ነገሯ ባለ ሦስት እርከን መሰላል ነው፤ መጀመሪያ አስፕሪን ወይም ፓራሲታሞል፣ ካልበቃ ኮዴይን፣ ካልበቃ ሞርፊን። መመሪያውም በአፍ፣ በሰዓቱ፣ በደረጃው የሚል ነው። «በሰዓቱ» የሚለው ቃል በሴንት ሉክስ ነርሶች ኩባያ ተጀምሮ ጄኔቫ ለመድረስ ግማሽ መቶ ዘመን ወሰደበት።

መጽሐፏ ከሃያ በላይ ቋንቋ ተተረጎመች። ማስረጃዋ ግን ዝናዋን ያህል ጠንካራ አልነበረም። የታኬዳ ሕሙማን የሚነጻጸር ሌላ ቡድን አልነበራቸውም፤ በ1995 ነገሩን የመረመሩ ሁለት ተመራማሪዎች ስለ መሰላሉ የተደረጉት ጥናቶች ለእርግጠኛ ድምዳሜ እንደማይበቁ ጽፈዋል። ድርጅቱ ራሱ በ2018 መመሪያውን ሲያድስ መሰላሉን ከዋናው ሐተታ አውጥቶ ለማስተማሪያነት ወደ አባሪው አወረደው። በአፍ መስጠቱና ሰዓት መጠበቁ ግን አልተነሡም።

የዚህን ታሪክ ሌላኛውን ገጽ መዝለል ደግሞ ተገቢ አይደለም። በ1980 አንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት አምስት ዓረፍተ ነገር ያላት ደብዳቤ አወጣ። በሆስፒታል ተኝተው ቢያንስ አንድ ጊዜ ናርኮቲክ ከተሰጣቸው 11,882 ሰዎች መካከል ሱስ የያዛቸው 4 ብቻ ሆነው ተገኙ ትላለች። ሰዎቹ አልጋ ላይ ያሉ፣ ነርስ የምትሰጣቸው፣ አብዛኞቹም ለአጭር ጊዜ የወሰዱ ናቸው። ደብዳቤዋ ግን ለዓመታት ወገቡንና ጉልበቱን ለሚያመው፣ ቤቱ ሆኖ ለሚውጠው ሰው እንደ ማስረጃ ተጠቀሰች፤ በ2017 ሲቆጠር 608 ጊዜ ተጠቅሳ ተገኘች። ፑርዱ የተባለው ኩባንያ ኦክሲኮንቲንን በ1996 ለገበያ ሲያቀርብ የቆመው በዚህ ዓይነቱ ወሬ ላይ ነበር፤ በ2007 የሱሱን አደጋ አሳንሶ በማቅረብ ወንጀል ጥፋተኛነቱን አምኗል። የሳንደርስ ካርዶች ስለሚሞቱ ሰዎች የተጻፉ ነበሩ። ከዚያ ወስዶ ገና ሠላሳ ዓመት ለሚኖር ሰው ማዋል መዝገብ ያነበበ ሰው ሥራ አይደለም።

አሜሪካ በክኒን ስትጥለቀለቅ ሌላው ዓለም ጠብታ አላገኘም። ምክንያቱ ገንዘብ ነው ይባላል፤ የሞርፊን ዱቄት ግን ርካሽ ነው፣ ባለቤት የሚሆነው የፈጠራ መብትም የለበትም፤ በዓለም የጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም ከ1977 የመጀመሪያው እትም ጀምሮ አለ። ችግሩ ያለው በሥርዓቱ ላይ ነው። በ1961 የተፈረመው የናርኮቲክ ስምምነት በመግቢያው ሕመም ለማስታገስ እነዚህ መድኃኒቶች የግድ እንደሚያስፈልጉ ይናገራል፤ የተቀረው አንቀጽ በአብዛኛው ስለ ቁጥጥር ነው። እያንዳንዱ አገር ለሚመጣው ዓመት ስንት ኪሎ እንደሚፈልግ ገምቶ ለዓለም አቀፉ የናርኮቲክ ቁጥጥር ቦርድ ያሳውቃል። ሐኪሞቹ ሞርፊን የማይጽፉ አገር ትንሽ ይገምታል፤ ትንሽ ስለ ገመተ ትንሽ ያስገባል፤ ትንሽ ስለ ገባ ሐኪሙ አያየውም፣ ስለማያየው አይጽፈውም። ላንሴት መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2017 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ በዓመት ከሚከፋፈለው በሞርፊን የተሰላ 298.5 ቶን ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ሁሉ የደረሰው 0.1 ቶን ነው። መቶ ኪሎ፤ አንድ ኩንታል።

ይህን አዙሪት በአፍሪካ ከሰበሩት አገሮች አንዷ ኡጋንዳ ናት። አን ሜሪማን በ1935 ሊቨርፑል የተወለደች ሐኪም ነበረች። በ1980ዎቹ ሲንጋፖር ስታስተምር ከመድኃኒት ባለሙያዎች ጋር ሆና ከሞርፊን ዱቄት፣ ከውሃና ፈሳሹ እንዳይበላሽ ከሚያደርግ ቅመም በርካሽ የሚሠራ ቀመር አወጣች። በናይሮቢ ሆስፒስ ሠርታ በ1993 ካምፓላ ገባች። በእጇ ያለው ገንዘብ ለጥቂት ወራት ብቻ የሚበቃ ነበር። ከመምጣቷ በፊት መንግሥት የሞርፊን ዱቄት እንዲያስገባ ቃል እንዲገባላት ጠየቀች፤ ያለዚያ አልመጣም ብላለች። ሆስፒስ አፍሪካ ኡጋንዳ እንዲህ ተጀመረ። ፈሳሹ ኃይሉ እንዲለይ ቀለም ይነከራል፤ ደካማው አረንጓዴ፣ ጠንከር ያለው ሮዝ። ማንበብ ለማይችል አስታማሚ ቀለሙ ይበቃዋል።

ቀለሙ ግን ሐኪምን አይተካም። ሐኪም በሌለበት ወረዳ ማዘዣውን ማን ይጽፋል? ኡጋንዳ በ2004 ሕጓን ለውጣ፣ የማስታገሻ ሕክምና የሠለጠኑ ነርሶችና ክሊኒካል ኦፊሰሮች ሞርፊን እንዲያዙ ፈቀደች። ከእርሷ በፊት እንዲህ ያደረገ አገር አልነበረም። በባይስዎተር ነርሶች ያወጡት ልማድ ሐኪሞች አጥንተው፣ መዝነው፣ ቀመር ሠርተውለት ሰባ ዓመት ያህል ከዞረ በኋላ በሕግ ለነርሶች ተመለሰ።

በእኛ አገር ሆስፒስ ኢትዮጵያን በ2003 የመሠረቱት ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰንም ነርስ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ነርሶች ወደ ታማሚው ቤት ይሄዳሉ። የሚያገኙት ታማሚ ብዙውን ጊዜ ስለ በሽታው ስም እንኳን አልተነገረውም፤ ቤተሰቡ ደብቆታል። ነቀርሳ የሚለው ቃልም ነገሩን አያቀልለውም፤ የሳንባውንም የዕጢውንም በሽታ በአንድ ስም ስንጠራ ስለ ኖርን፣ ታማሚው ስሙን ቢሰማ እንኳ የቱ እንደሆነ አያውቅም።

ሲሲሊ ሳንደርስ በሐምሌ 2005 በሴንት ክሪስቶፈር በጡት ካንሰር ሞተች፤ 87 ዓመቷ ነበር።

የአራት ሰዓቱ ኩባያ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ሲመጣ ለማስታወስ ቀላል ነው። እንግሊዞቹ ስድስት፣ አሥር፣ ሁለት፣ ስድስት፣ አሥር የሚሉት ለእኛ ጧት 12፣ ረፋድ 4፣ ከቀትር በኋላ 8፣ ማታ 12፣ ሌሊት 4 ይሆናል። የሌሊቱ አራት ሰዓት መጠን እጥፍ ተደርጎ ይሰጣል፤ ታማሚውም አስታማሚውም እስኪነጋ እንዲተኙ።